የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር ለተግባር ልምምድ ለምትወጡ

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲቃረብ ከየዩኒቨርሲቲው የሚደርሱን ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ። የሶሻል ወርክ፣ የሳይኮሎጂና የሕግ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ሴቶች ማረፊያ፣ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ወይም ወደ ሆስፒታል ይመደባሉ፤ እዚያም በገዛ ቤታቸው፣ በባላቸው ወይም በቤተሰባቸው እጅ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር ይገናኛሉ። ክፍል ውስጥ የተማሩት ብዙ ነው። ሥራው ላይ ሲደርሱ ግን የሚያስጨንቃቸው ምን ብዬ ልጥራት፣ ስልኬን ልስጣት ወይስ አልስጣት፣ ምን ልጻፍ የሚለው ነው። ከደብዳቤዎቹ ሰባቱን አሳጥረን እንመልሳለን፤ የማንንም ማንነት የሚያሳውቅ ዝርዝር አውጥተናል።

«አድራሻውን አንነግርሽም አሉኝ»

*የሶሻል ወርክ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ማረፊያ ቤት ውስጥ ልምምድ ለመውጣት አንድ ድርጅት ቢሮ ሄጄ፣ ማረፊያው የት እንደሆነ ስጠይቅ አይነገርም አሉኝ። ካላመኑኝ እንዴት ያሠሩኛል? ምን ምን ወረቀትስ ይዤ ልሂድ? (ከስድስት ኪሎ)*

እህታችን፣ ጉዳዩ አንቺን ከማመንና ካለማመን ጋር አይገናኝም። ከቤት የወጣችን ሴት የሚፈልግ ባል ዘመድ ይጠይቃል፣ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ይቆማል፣ በማያውቁት ሰው ስልክ ያስደውላል። አድራሻው ለአንድ ሰው በቅንነት ከተነገረ ለሌላም ይደርሳል፤ ያኔ የሚጋለጠው እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ነው። ስለዚህ ቢሮውና ማረፊያው ለየብቻ ናቸው። ልምምድ የሚጠየቀው ቢሮው ነው። ማረፊያውን የምታይው ደግሞ የምስጢር ጠባቂነት ውል ፈርመሽ፣ ማስተዋወቂያ ሥልጠና ወስደሽ፣ ከሠራተኛ ጋር ነው። ማረፊያውን አንድም ቀን ሳታይ ልምምድሽን ብትጨርሺም ሥራሽ ጎደለ ማለት አይደለም።

መሀል ከተማ ላለ ተማሪ ከሚታወቁት መካከል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር፣ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ እንዲሁም ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የሥነ ልቦና ባለሙያ በአንድ ግቢ የሚገኙበት የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት አሉ። ሦስቱ የሚያስተምሩት የተለያየ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ጉዳቱ ገና ትኩስ ሳለ ታያለሽ። ሕግ ድጋፉ ላይ ጉዳዩ ወር አልፎት፣ ወረቀት በዝቶበት ታገኚዋለሽ። ማረፊያው ውስጥ ደግሞ ሴቲቱ እንቅልፏ ሲመለስ፣ ልጆቿ ሲረጋጉ፣ ሥራ መልመድ ስትጀምር ትደርሻለሽ። ከመምህርሽ ጋር ስትመርጪ ይህን አስቢበት።

ከትምህርት ክፍልሽ የምትወስጂው የትብብር ደብዳቤ «ተማሪያችንን ትተባበሩልን ዘንድ» ብቻ የሚል ከሆነ አስጽፈሽ መልሺው። የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ከዩኒቨርሲቲው በኩል የሚከታተልሽ መምህር ስምና ስልክ፣ ከድርጅቱ የሚጠበቀው የግምገማ ቅጽ በግልጽ ይጻፍ። አንዳንድ ድርጅት፣ በተለይ ልጆች ባሉበት፣ ከወንጀል ነፃ መሆንሽን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ይጠይቃል። የአሻራው ቀጠሮ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድመሽ ጀምሪው።

አንቺም የምትጠይቂው አለ፦ ሱፐርቫይዘሬ ማን ናት? በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ታገኘኛለች? እሷ በሌለችበት ቀን ለማን ነው የምነግረው? ለነዚህ መልስ ከሌለ፣ ድርጅቱ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን፣ ምደባውን አትቀበዪ። ያለ ሱፐርቫይዘር የገባች ተማሪ ሳምንት ሳይሞላት ብቻዋን ጉዳይ ይዛ ትገኛለች፤ ከዚያ የሚመጣው ስሕተት የሚያርፈው በሴቲቱ ላይ ነው።

«ከየት ልጀምር?»

*የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከባለጉዳይ ጋር ስቀመጥ አፌ ይያዛል። አንዷን «ታዲያ ለምን ትተሽው አልወጣሽም?» ብያት ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልነገረችኝም። ምን ማለት ነበረብኝ? (ከአራት ኪሎ)*

ያን ጥያቄ እናቷም፣ ጎረቤቷም፣ ምናልባት ፖሊሱም ጠይቋታል፤ በጠየቋት ቁጥርም የሰማችው «ጥፋቱ ያንቺ ነው» የሚል ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 34 ከመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ያህል ደግሞ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። አንቺ ፊት የተቀመጠችው ይህን ዝምታ ሰብራ የመጣች ሴት ናት። «ለምን»ን ተዪና «ያን ቀን ምን ሆነ?»፣ «ከዚያ ወዴት ሄዱ?»፣ «አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስብዎ ምንድን ነው?» በያት። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ያስገርማል። አንቺ ስለ ክስ ስታስቢ እሷ የምታስበው ነገ ስለሚከፈል የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም እሳት ላይ ጥላው ስለመጣችው ድስት ሊሆን ይችላል። ከእሱ ጀምሪ።

ከንግግሩ በፊት ክፍሉን አስተካክዪ። እሷ በሩን የምታይበት፣ አንቺም መውጫዋን የማትዘጊበት ቦታ ተቀመጡ። ውኃና ሶፍት ይኑር፤ ስልክሽ ድምፁ ይጥፋ፣ ጠረጴዛው ላይም አይታይ፣ ምክንያቱም ስልክ ያየች ሴት እየተቀረጸች ሊመስላት ይችላል። ልጅ ይዛ ከመጣች፣ ነፍስ ያወቀ ከሆነ ሌላ ክፍል የሚያጫውተው ሰው ፈልጉ። ልጅ ጭንዋ ላይ ሆኖ የሚሰማው ነገር እሷንም ያሳጥራታል፣ ለእሱም ሸክም ይሆናል።

አጠራር ላይ አትቸኩዪ። ዕድሜዋ ምንም ይሁን በ«እርስዎ» ጀምሪና «አንቺ በዪኝ» ስትል ወደ አንቺ ግቢ። «የኔ እናት»፣ «የኔ ሚስኪን» በደግነት የሚባሉ ናቸው፤ ዓመታት ስትዋረድ የኖረችን ሴት ግን እንደገና ትንሽ ያደርጓታል። በስሟ ጥሪያት።

ከዚያ፣ ምንም ከመንገሯ በፊት፣ የምስጢሩን ልክ ንገሪያት፦ «የሚነግሩኝን ለሱፐርቫይዘሬና ጉዳይዎን ለያዘችው ባለሙያ እነግራለሁ፤ ከነሱ ውጭ አይወጣም። የእርስዎ ወይም የልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ዝም ማለት አልችልም።» «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል ከገባሽ በማግስቱ ቃልሽን ታጥፊያለሽ። ተማሪ መሆንሽንም አትደብቂ። ብዙ ሴቶች ይቀበሉታል፤ የማትፈልግ ካለች ደግሞ ሌላ ሰው የማግኘት መብት አላት።

«አይዞዎት» ማለት ክፉ አይደለም። ክፋቱ ተከትሎት የሚመጣው ነው፦ «ያልፋል»፣ «ለልጆችዎ ሲሉ ይቻሉት»፣ «እኔ ብሆን ኖሮ»። በምትኩ «የደረሰብዎ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» በዪ። አንድ ጊዜ፣ ዓይኗን እያየሽ ይበቃል፤ ሲደጋገም በቃል የተጠና ይመስላል። ስታለቅስ ጀርባዋን ለመዳበስ እጅሽ ቢቃጣ ጠይቂያት፤ ሳይጠየቅ የሚነካ እጅ የሚያስደነግጣት ሴት አለች። ዝምታ ሲመጣም ቶሎ አትሙዪው።

ተለማማጅ ብትሆኚም ከጆሮሽ ማምለጥ የሌለባቸው ምልክቶች አሉ፦ በስለት ወይም በመሣሪያ ማስፈራራት፣ «እገድልሻለሁ» ማለት፣ ነፍሰ ጡር ሆና መመታት፣ በቅርቡ ከቤት መውጣት ወይም ፍቺ መጠየቅ፣ እና መታነቅ። መታነቅን ብዙዎቹ ራሳቸው አይጠሩትም፤ «ያዘኝ» ብለው ያልፉታል። «አንገትዎን ይዞዎት ያውቃል? ትንፋሽ አጥሮዎት ነበር?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከዚያ በፊት በባሏ ወይም በጓደኛዋ የታነቀች ሴት በእሱ እጅ የመገደል አደጋዋ ሰባት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። የታነቀ አንገት ላይ ደግሞ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ዓይን ውስጥ ነጠብጣብ የደም ምልክት፣ ራስ ማዞር ካለ፣ ከቀናት በኋላም ቢሆን፣ ያለ ቀጠሮ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት፤ የአንገት ውስጥ እብጠትና የደም ሥር ጉዳት ዘግይቶ ሊገድል ይችላል። ከነዚህ አንዱን የሰማሽ ዕለት፣ ከቢሮ ሳትወጪ፣ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪ።

ማስታወሻ ስትጽፊ የተናገረችውን በራሷ ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ አስቀምጪ፤ ያየሽውን ለይተሽ ጻፊ። «በጣም ተደብድባለች» ከምትዪ «በግራ ክንዷ ላይ ሁለት ክብ ሰማያዊ ምልክቶች አሉ» በዪ። «ድባቴ አለባት» ብለሽም አትፍረጂ፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ተማሪዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አቆጣጠሩ ነው። ፖሊስ በኢትዮጵያ፣ ሆስፒታል ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ሰዓቱም እንዲሁ ይምታታል። «3፡00» ብቻ የሚል ማስታወሻ ጠዋት ይሁን ሌሊት፣ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አይታወቅም፤ ከወራት በኋላ ችሎት ላይ ተከላካይ ጠበቃ ምስክርነቷን የሚያፈርስበት ቀዳዳ ይሆናል። «ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጨረስ አንድ መስመር ነው።

«ሽማግሌ ገብቷል፣ ይቆይ አሉ»

*ነፃ የሕግ ድጋፍ ላይ የተመደብኩ የሕግ ተማሪ ነኝ። አንዲት እናት ባሏ ክንዷን ሰብሯት ነበር፤ የሰፈር ሽማግሌዎች ስለገቡ ክሱን ለማዘግየት ታስባለች። ምን ልመክራት እችላለሁ? በአጠቃላይስ የትኞቹን አንቀጾች በእጄ መያዝ አለብኝ? (ከልደታ)*

ወንድማችን፣ በመጀመሪያ ምክሩን የሚሰጠው አብሮህ ያለው ጠበቃ ነው። አንተ መረጃውን በትክክል አዘጋጅ፤ በራስህ ስም አቤቱታም ጽፈህ አትስጥ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ከጋብቻ ውጭ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል፤ ቅጣቱን ለማወቅ ወደ አንቀጽ 555 እና ተከታዮቹ ይመራሃል። ከባድ የአካል ጉዳት በ555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። በ556 ንዑስ አንቀጽ 1 ያለው ቀላል የአካል ጉዳት ግን በግል አቤቱታ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የግል አቤቱታ ደግሞ ድርጊቱና አድራጊው ከታወቀ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። የሽምግልና ሁለትና ሦስት ቀጠሮ ይህን ጊዜ ሳይታወቅ ይበላዋል። አጥንት መሰበሩ ጉዳዩን ወደየትኛው አንቀጽ እንደሚወስደው የሚወስነው የሐኪም ማስረጃው ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌ ቢኖርም ባይኖርም ማስረጃው ዛሬ ይያዝ። ለእርቅ መቀመጥ መብቷ ነው። ግን «አቤቱታ ሳላቀርብ 3 ወር ቢያልፍ ምን ይሆናል?» የሚለውን አውቃ ትወስን። እሱ ባለበት ክፍል አስቀምጦ ማስማማት ግን ከእናንተ ቢሮ የሚጠበቅ አይደለም፤ የምትፈራው ሰው ፊት ተቀምጣ የምትለው «እሺ» ፈቃድ ሊባል አይችልም።

ወሲባዊ ጥቃት ካለ ሰዓቱ ይቆጠራል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፣ ግን በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ከምርመራው በፊት ገላ አለመታጠብ፣ ልብስ አለማጠብ ይመከራል። ልብሱ በወረቀት ከረጢት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይያዝ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ያሻግተውና ማስረጃው ይበላሻል። ብትታጠብም ትምጣ፤ «አሁንማ አበቃ» ብሎ የሚመልሳት ሰው ተሳስቷል። ከመደፈር የመጣ እርግዝና ካለ ሕጉ በአንቀጽ 551 ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ የራሷ ቃል በቂ ነው፣ ፍርድ መጠበቅ የለባትም።

አንቀጽ 620 መድፈርን ሲተረጉም ጋብቻን ውጭ ያደርጋል። ባለትዳር ሴት ስትመጣ ይህን እውነት ሳትደብቅ ነገር ግን በጭካኔ ሳትወረውር መንገር አለባችሁ፤ በዚያው ጊዜ የደረሰው አካላዊና አእምሯዊ ጉዳት በ564 በኩል የሚያስከስስ መሆኑንም አብራችሁ።

በቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። አንቀጽ 82ን ደጋግመህ አንብብ። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ችሎቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ወዲያው ትእዛዝ ሊሰጥ፣ ማን ከጋራ መኖሪያው እንደሚወጣም ሊወስን ይችላል፤ ሲወስን የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ የበለጠ የሚጎዳውን ሰው ያያል። ብዙ ሴቶች ቤት ጥለው መውጣት ግዴታቸው ይመስላቸዋል። ያልተጋቡ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ የተፈራው ሀብት የጋራ ነው፤ አብሮ መኖራቸውን የሚያሳይ የኪራይ ውል፣ የዕድር ደብተር፣ የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ፈልጉ።

«ወንድ ነኝ፤ ያስገቡኛል?»

*(ከሜክሲኮ)*

ያስገቡሃል፤ የማትገባበት ክፍል ግን ይኖራል፤ በዚያም አትከፋ። ወንድ ተለማማጆች በብዛት የሚሠሩት በመረጃ አያያዝ፣ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት ክትትል፣ በሥልጠና ዝግጅትና ማረፊያው ከፈቀደ በልጆች የቤት ሥራ እገዛ ላይ ነው። የመጨረሻው ከባድ ዋጋ ያለው ነው፤ የማይጮህ፣ የማይመታ ወንድ አጠገባቸው ተቀምጦ ሒሳብ ሲያስረዳ ያላዩ ልጆች አሉ። ከልጅ ጋር በሩ በተዘጋ ክፍል ብቻህን አትሁን። ልጁ ስለ ቤቱ አንድ ነገር ቢነግርህ አትመርምረው፤ «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ» በለውና ያለውን ቃል በቃል ጽፈህ ያን ቀን ለሱፐርቫይዘርህ ስጥ። የአንተ ተደጋጋሚ ጥያቄ የልጁን ቃል ስለሚቀይረው በኋላ ባለሙያ ሲጠይቀው ይበላሻል።

«ማታ ማታ ትደውልልኛለች»

*አንዲት ባለጉዳይ ስልኬን ጠየቀችኝ፤ አሳዝናኝ ሰጠኋት። አሁን ማታ ትደውላለች፣ አንዳንዴ የታክሲ ብር በቴሌብር ልኬላታለሁ። ጥፋት ነው? (ከካዛንቺስ)*

እህታችን፣ ልብሽ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ግን ለሁለታችሁም አደገኛ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ስትደውልልሽ አንቺ ፖሊስ አይደለሽም፣ መኪና የለሽም፣ ማረፊያ ማስገባትም አትችዪም። ልታመጪ የማትችዪውን እርዳታ ከአንቺ ስትጠብቅ ሊደርስላት የሚችለውን ሳትደውል ትቀራለች። ነገ ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር ሆነሽ ንገሪያት፦ አደጋ ሲሆን ፖሊስ 991፣ ለሕግ ምክር የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር 7711፣ ለምክርና ለመረጃ አለኝታ 6388። ለማንም ቁጥር ከመስጠትሽ በፊት ራስሽ ደውለሽ መነሳቱንና በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ አረጋግጪ፤ በጨነቃት ሰዓት ደውላ የማይነሳ ስልክ ያጋጠማት ሴት ሁለተኛ ላትሞክር ትችላለች።

ወደ ስልኩ እንምጣ፤ ብዙ ሴቶች የሚታወቅባቸው በዚህ ነው። ቁጥሩን በወረቀት አትስጫት፣ ኪስ ይፈተሻል፤ አጭር ቁጥር ከሆነ በቃል ታጥናው፣ አለበለዚያ ባሏ በማይጠራጠረው ስም ትመዝግበው። ትሩኮለር የሚባለው መተግበሪያ ግን ሌሎች ሰዎች ያንን ቁጥር የመዘገቡበትን ስም ስለሚያሳይ፣ አሥር ባለጉዳይ «የሴቶች መጠለያ» ብሎ የመዘገበው ቁጥር ባልየው ስልክ ላይ በዚያው ስም ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው ድርጅቶች ስም የሌለው መስመር ለይተው የሚይዙት። ቴሌብር ብር ሲገባ የላኪውን ስም የያዘ መልእክት ይልካል፤ ስልኳን የሚፈትሽ ባል የመጀመሪያ ጥያቄው «ይህ ማነው?» ነው። የታክሲ ብር የሚያስፈልጋት ከሆነ ድርጅቱ በጥሬው፣ በፊርማ ይስጥ።

ራይድ ወይም ፈረስ ስትጠሩ ጉዞው በጠሪው ስልክ ላይ ይመዘገባል፤ በእሷ ስልክ ወደ ማረፊያ አይጠራም፣ በአንቺም ቢሆን የማረፊያው በር መድረሻ ሆኖ አይጻፍም። ቴሌግራም ላይ ያለችበትን ቦታ በቀጥታ ለባሏ ትልክ እንደሆነ፣ ከእሱ ጋር የጋራ የሆነ የጉግል አካውንት እንዳለም ጠይቁ፤ ስልኩን «ፈልግልኝ» የሚለው አገልግሎት የት እንዳለች ያሳየዋል። ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አታጥፉት። ትናንት ይታየው የነበረው ዛሬ ድንገት ሲጠፋ ልትወጣ መሆኑን ያውቃል። የሚጠፋበትን ቀን ከመውጫዋ ቀን ጋር ከባለሙያዋ ጋር ሆና ትወስን።

«ወደ ባሏ ተመለሰች»

*ሁለት ወር አብረን ነበርን። ሥልጠና ጀምራ፣ ቤት ልንፈልግላት ስንል አንድ ጠዋት «ልጆቼ ናፈቁኝ» ብላ ሄደች። እንቅልፍ አጣሁ። የት ተሳሳትን? (ከፒያሳ)*

መሄዷ ብቻውን የእናንተን ስሕተት አያሳይም። በቁርጥ ከመውጣቷ በፊት ደጋግማ የምትወጣና የምትመለስ ሴት በዓለም ሁሉ የታወቀች ናት፤ ልጆች፣ የቤት ኪራይ፣ የዘመድ ግፊት፣ ተስፋም አለ። የመውጫው ሰሞን ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣበት ጊዜ መሆኑንም እሷ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ልትሄድ ስትነሣ ፊት ያጠቆረባት ቢሮ ሁለተኛ አትመለስበትም። «በሩ ክፍት ነው፤ በፈለጉ ሰዓት ይምጡ» ተብላ የሄደች ትመለሳለች።

ለሚቀጥለው ጊዜ፣ የምትመለስ ሴት ባዶ እጇን አትሂድ። ከመሄዷ በፊት ግማሽ ሰዓት ካገኛችሁ ከባለሙያዋ ጋር የደኅንነት እቅድ አውጡ። ጭቅጭቅ ሲጀመር ከማድ ቤትና መውጫ ከሌለው ክፍል ትራቅ፤ ማድ ቤት ቢላም እሳትም አለ። አንዲት የምታምናት ጎረቤት ትምረጥና ምልክት ይስማሙ፤ «ስኳር አለሽ?» ብላ ልጇን ስትልክ ፖሊስ ጥሪ ማለት ይሁን። መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ ሊብሬ ካለ፣ የባንክ ደብተር፣ የሐኪም ማስረጃ፤ ዋናው ከቤት ቢጠፋ የሚታወቅ ከሆነ ኮፒው እምነት የሚጣልበት ሰው ጋ ይቀመጥ። የቁልፍ ቅጅ፣ የዘወትር መድኃኒት፣ ለሁለት ቀን የሚሆን የልጆች ልብስ አብሮ። ገንዘብ ላይ ዕቁብ ጥሩ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ዳኛውና ጸሐፊው ባልየውን የሚያውቁ ከሆነ ዕጣዋ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው፤ የሥራ ቦታ ዕቁብ ይሻላል። እቅዱ የተጻፈበት ወረቀት ከእሷ ጋር አይሂድ።

ስለ እንቅልፍሽ፦ የሌላውን ሰው መከራ ሲሰሙ የሚውሉ ባለሙያዎች ሁሉ የሚገጥማቸው ነው። የሰማሽው ነገር በሕልም መምጣት፣ በመንገድ የሚያልፍ ወንድ ሁሉ ማስፈራት፣ ወይም ምንም አለመሰማት ምልክቶቹ ናቸው። ሳምንታዊው የሱፐርቪዥን ሰዓት ለዚህም ነው፤ ስለ ጉዳዩ ብቻ አውርተሽ አትውጪ። ለጓደኛ ወይም ለእናት መንገር የምስጢር ቃልሽን ያፈርሳል፤ ስለራስሽ ስሜት ግን መናገር ይቻላል፣ ስለእሷ ዝርዝር ሳታነሺ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ለመምህርሽ ንገሪና የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት ጠይቂ፤ ቦታ መቀየርም ይቻላል።

«ሪፖርትና ሰርተፊኬት»

*ልምምዴ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። ሪፖርቴ ላይ ስሟን ከቀየርኩ ይበቃል? የምስክር ወረቀቴንስ ፌስቡክ ላይ ብለጥፍ? (ከስታዲየም አካባቢ)*

ስም መቀየር አይበቃም። «በሜክሲኮ አካባቢ የምትኖር፣ መንታ ልጆች ያሏት፣ ባንክ ገንዘብ ከፋይ» ካልሽ ስም ባይኖርም ታውቃለች። ሰፈሩን «አዲስ አበባ»፣ ሥራውን «ተቀጣሪ»፣ ዕድሜዋን «በሠላሳዎቹ» አድርጊው፤ ብርቅ የሆነ ዝርዝር ካለ ከነጭራሹ አውጪው። ከመምህርሽ በፊት ሱፐርቫይዘርሽ አንብባው ትፈርምበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን የጤናና የግል ሕይወት መረጃ በልዩ ጥንቃቄ የሚያዝ ያደርገዋል፤ ላፕቶፕሽ፣ ፍላሽሽና የቴሌግራም «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ ያለውን ሁሉ አስረክበሽ፣ ሱፐርቫይዘርሽ ባለችበት አጥፊው።

ለባለጉዳዮቹ መሄድሽን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ንገሪያቸው፤ ድንገት የጠፋ ሰው ብዙ አይተዋል። የሚተካሽን ሰው አብረሽ አግቢና አንድ ጊዜ ሦስታችሁ ተቀመጡ፤ ጉዳዩን ከመጀመሪያው እንደገና እንድትተርክ አታድርጓት፣ ማስታወሻሽ ይህን ይሠራል።

የምስክር ወረቀቱን ለመለጠፍ ድርጅቱን ጠይቂ። ከፈቀዱ ፎቶው ላይ የማረፊያው ግቢ፣ አጥር፣ በር ወይም ከኋላሽ የሚያልፍ ሰው እንዳይኖር፣ የተነሣበትን ቦታ የሚመዘግበው የስልክሽ ማስተካከያም መጥፋቱን አረጋግጪ።